የክረምት ንባብ፦ ስለ መጽሐፍ ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ሲጋመስ ፈተናው ያልቃል፣ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ያኔ «ምን ላንብብ?» የሚለው ጥያቄ ይበረክታል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች የአማርኛ መጻሕፍትን የሚመለከቱ ናቸው። ለክረምት ጥሩ የምንለው መጽሐፍ ለዚያ አንባቢ፣ በዚያ ሰሞን፣ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚነበበውን ነው። ስለዚህ ለአንዱ የመረጥነውን ለሌላው ላንመርጥ እንችላለን።

ክረምቱ ስንት መጽሐፍ ያስነብበኛል?

ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ 65 ቀን አለ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 66። ከዚህ ላይ ለቡሄ፣ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለእንግዳና ለጉንፋን 15 ቀን ይቀንሱ፤ 50 ቀን ይቀራል። ቀጥሎ የራስዎን ፍጥነት ይለኩ፦ ሰዓት ይዘው 20 ደቂቃ ያንብቡና የሄዱበትን ገጽ ይቁጠሩ። 8 ገጽ ካነበቡ በሰዓት 24 ገጽ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ቢሰጡ በ50 ቀን 1,200 ገጽ ይሆናል፤ ይህም አንድ ወፍራም ልብ ወለድና ሁለት ወይም ሦስት መካከለኛ መጻሕፍት ማለት ነው።

ልኬቱን ሊያነቡት ባሰቡት መጽሐፍ ላይ ያድርጉት። በስልክ ላይ አጭር ጽሑፍ የሚያነቡበት ፍጥነት ለልብ ወለድ አይሠራም፤ በዚያ የተሠራ ዕቅድ ነሐሴ ሳይጋመስ ይፈርሳል።

ከትምህርት ቤት ወዲህ አንድም መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። በምን ልጀምር?

በአጭር። ብዙ ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ ንባብ ሲመለስ ለዝናው ብሎ ትልቁን መጽሐፍ ያነሣል፤ ገጽ 40 ላይ ይቆምና «እኔ የማንበብ ሰው አይደለሁም» ብሎ ይደመድማል። ከረጅም እረፍት በኋላ መጀመሪያ የሚመለሰው የመጨረስ ልማድ ነው፤ እሱም የሚመጣው በአንድ ቁጭታ ከሚያልቅ ጽሑፍ ነው።

የመስፍን ሀብተማርያም «የቡና ቤት ስዕሎች» ወጎች ናቸው፤ አንዱን አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ይቻላል። የበዕውቀቱ ስዩም «በራሪ ቅጠሎች» አጫጭር ልብ ወለዶች ይዟል፤ «ከአሜን ባሻገር» ደግሞ ወግ ለሚወድ ነው። ወጥ ታሪክ የሚፈልግ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ይያዝ። ገና በማሕፀን ያለ ልጅ «ወደዚህ ዓለም አልመጣም» ብሎ የሚሟገትበት፣ በንጉሡ ዘመን የታገደ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የጀመረ ሰው እሑድ ማታ ይጨርሰዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እንዴት ልጨርሰው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፤ መልሱም ረዘም ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው። አንባቢ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሩብ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሰው ሁሉ የሚገባው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ፈልጎ ነው፤ መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው።

ያን ክፍል ዘለው አይለፉት። ወላጆቹ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የሰጡበት ስለት በኋላ የሚመጣውን ፍቅር ሁሉ አስሮ ይይዘዋል። ዘሎ ወደ ሰብለ ወንጌል አባት ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባ አንባቢ በዛብህ ለምን ያን ያህል እንደሚፈራና እንደሚሠቃይ ግማሹ ይጠፋበታል፤ ሰውዬው ያለምክንያት የሚያመነታ ይመስለዋል።

ለአሠራሩ ይህን እንመክራለን። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት በቀን 12 ገጽ ብቻ ያንብቡ። አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ለገጽ ምልክት ያድርጉት፤ በአንዱ በኩል የሰዎቹን ስምና ዝምድና፣ በሌላው በኩል ያልገባዎትን ቃል ከገጽ ቁጥሩ ጋር ይጻፉ። ቃሉን ወዲያው ለመፈለግ አይቁሙ። የጎጃም የገጠር አማርኛ፣ የቆሎ ተማሪና የቅኔ ቤት ቋንቋ፣ የግብርና የሹመት ስሞች ይበዙበታል፤ አብዛኛው ከሁለትና ከሦስት ገጽ በኋላ በራሱ ይፈታል። የቀረውን በሳምንት አንድ ቀን ታላላቆችን ይጠይቁ። አያት ያለበት ቤት ለዚህ ከመዝገበ ቃላት ይበልጣል።

ጉዱ ካሣ ሲናገር ግን ፍጥነትዎን ይቀንሱ። የመጽሐፉ ክርክር በእሱ አፍ ላይ ነው፤ ለሴራው ብቻ የሚሮጥ አንባቢ እነዚያን ገጾች «ንግግር በዛ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ በኋላ ባላገሮቹ በፊታውራሪው ላይ ሲነሡ ነገሩ ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

አሁንም ካላስኬደ በጆሮ ይጀምሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው ቅጂ ዛሬም ይገኛል። አንድ ምዕራፍ ያዳምጡ፣ ያንኑ ምዕራፍ ያንብቡ። ድምፁ አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ ገጹ ላይ ያሉት ሰዎች በየራሳቸው ድምፅ መናገር ይጀምራሉ፤ ከሁለትና ከሦስት ምዕራፍ በኋላ ትረካው አያስፈልግም።

ከበዓሉ ግርማ ሥራዎች የትኛው ይቅደም?

«ኦሮማይ» በጣም ዝነኛው ነው፤ እኛ ግን «ከአድማስ ባሻገር»ን እናስቀድማለን። አጠር ያለ ነው፣ የአዲስ አበባ ኑሮ ነው፣ የደራሲውን አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገር ያስለምዳል። ሁለተኛ «ደራሲው»ን፣ ሦስተኛ «ኦሮማይ»ን።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን አሥመራ ላይ የተቀመጠ ታሪክ ነው። ተራኪው ለዘመቻው ሥራ ወደ አሥመራ የሄደ ጋዜጠኛ ነው፤ ከፊያሜታ ጋር የሚይዘው ፍቅርና የጦርነቱ ወሬ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው እያንዳንዱን ገጽ የደራሲው መጨረሻ ፍንጭ አድርጎ ይፈልጋል፤ እንዲህ ሲነበብ ልብ ወለዱ ይደበዝዛል። መጀመሪያ እንደ ታሪክ ያንብቡት፣ የደራሲውን ዕጣ በኋላ ያጥኑ። ስለ ዘመቻው ምንም የማያውቅ ወጣት ከመጀመሩ በፊት ከታላላቆቹ ጋር ለግማሽ ሰዓት ቢያወራ ይበቃዋል፦ ደርግ ማን ነበር፣ ሻዕቢያ ማን ነበር፣ ዘመቻው ምን ፈልጎ ነበር። ያለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎችና ሹማምንት ይምታታሉ።

አዳም ረታን ብዙ ሰው ያደንቃል፤ እኔ ግን አልገባኝ አለ።

አለመግባቱ አያስገርምም። የእሱ ታሪክ በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ «ሕጽናዊነት» በሚለው አጻጻፉ ትንንሽ ታሪኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው በውስጥ ለውስጥ ይያያዛሉ፤ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ አንዳንዴ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ከወፍራሞቹ አይጀምሩ። «አለንጋና ምስር» ወይም «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር» ውስጥ ካሉት አጫጭር ታሪኮች ሁለት ሦስቱን አንብበው ከወደዱት ወደ «ግራጫ ቃጭሎች» ይለፉ። ረጃጅሞቹን ሲያነቡ ሁለት የገጽ ምልክት ይያዙ፣ አንዱ ለገጹ፣ ሌላው ለማስታወሻው። ምግብ፣ ሽታ፣ የሰፈር ስምና የልብስ ቀለም በተጠቀሰ ቁጥር ልብ ይበሉ፤ ከ100 ገጽ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው እሱ ነው። መኝታ ላይ፣ እንቅልፍ እየተጫነ የሚነበብ ደራሲ አይደለም። የቀኑን ንቁ ሰዓት ይስጡት።

ለልጆች ምን ይሻላል?

ፊደል ገና ለሚቆጥር ልጅ በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ሥዕሉ ሰፊ የሆነ መጽሐፍ ይምረጡ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በአማርኛም ጭምር በነጻ የሚወርዱና የሚታተሙ የልጆች ታሪኮች አሉት፤ በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል፣ ደረጃ 1 ጥቂት ቃላት ብቻ ይይዛል። ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት አትሞ መሐሉን በክር መስፋት በቂ ነው፤ ልጁ ራሱ የሰፋው መጽሐፍ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይነበባል።

ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ዛሬም የሚተካው አላገኘንም። ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፣ ቤት ይመታሉ፣ አንዱን በአንድ ምሽት በቃል መያዝ ይቻላል። በሳምንት አንድ ግጥም፣ እሑድ በቡና ሰዓት ቤተሰብ ፊት ይባል። አቦሉ እስኪፈላ ማንበብ፣ ቶናው ላይ ስለ ትርጉሙ መነጋገር ጥሩ ልማድ ነው፤ ልጅም ለአድማጭ ሲያነብ ይበረታል።

ውጭ አገር ያደጉት ልጆቼ ፊደሉን ለይተዋል፤ ሲያነቡ ግን ይንተባተባሉ። ለምን?

ፊደሉ የማጥበቅና የማላላት ምልክት ስለሌለው ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃውን ወይም ዋነኛውን፣ ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘትን ይመለከታል። ቤት ውስጥ አማርኛ ሲሰማ የዋለ ልጅ ከዓረፍተ ነገሩ ያውቀዋል፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ትምህርት ቤት ቀኑን በሌላ ቋንቋ የሚውል ልጅ ግን ቃሉን በጆሮው ስላላወቀው ፊደል በፊደል ይቆጥራል። ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት።

መፍትሔው ጆሮ ከዓይን እንዲቀድም ማድረግ ነው። አንድን ታሪክ ለአንድ ሳምንት ይያዙ። ሰኞና ማክሰኞ ወላጅ ጣቱን ከቃሉ በታች እያስኬደ ያነባል። ረቡዕና ሐሙስ አብረው ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ዓርብ ልጁ ብቻውን ያነባል። በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ። ስሕተቱን በየቃሉ ከማረም ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ በትክክሉ ደግሞ ማንበብ ይሻላል፤ በየመሐሉ የሚታረም ልጅ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። በአማርኛና በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ጎን ለጎን የታተሙ መጻሕፍት ጥሩ ናቸው፤ ብቻ የሌላው ቋንቋ ጽሑፍ በወረቀት ይሸፈን፣ አለበለዚያ ዓይኑ ወደሚቀለው ይሄዳል።

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ወጣትስ?

የዘነበ ወላ «ልጅነት» ከ13 ዓመት ጀምሮ ይስማማል። ጀብዱ የሚወድ፣ ከስልክ መላቀቅ ያቃተው ወጣት የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ይሞክር፤ የጣና ገዳማት፣ ስለላና ሳይንስ የተሸመኑበት ነው፣ ምዕራፎቹም አንዱ ሌላውን ይጎትታሉ። ከ16 በላይ ለሆነ የፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» አለ፤ ወደ ሐመር ምድር ይወስዳል፣ ስለ አገሩ የከተማ ልጅ የማያውቀውን ያሳያል።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» እና «ትኩሳት» ግን የአዋቂ መጻሕፍት ናቸው። የወሲብ ነገር በግልጽ ተጽፎባቸዋል። ድንቅ አማርኛ ስለሆኑ ብቻ ለ14 ዓመት ልጅ በስጦታ አይሰጡም፤ ለአዋቂ ግን እንመክራቸዋለን።

የትርጉም መጽሐፍ ልግዛ?

ጥሩ ከሆነ አዎ። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ክረምት ሙሉ የሚያቆይ መጽሐፍ ነው፤ አማርኛውም የራሱ ሕይወት አለው። ሌላ ሲገዙ የተርጓሚው ስም በሽፋኑ ወይም በውስጥ ገጹ መኖሩን ይዩ፤ ከዚያ ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ ያንብቡ። ሰው በአማርኛ እንደዚያ ይነጋገራል? ካልሆነ ይመልሱት። ምልልሱ የተበላሸ ትርጉም ሌላ ቦታው ሊቃና አይችልም።

ከመንገድ ስገዛ ገጽ የጎደለው እንዳይደርሰኝ ምን ልይ?

ያለ ደራሲው ፈቃድ በኮፒ የተባዛ መጽሐፍ ገበያው ላይ ሞልቷል። ፊደሉ ግራጫ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ፣ የሽፋኑ ፎቶ የደበዘዘ፣ ውስጥ ገጹ ላይ የማተሚያ ቤቱና የኅትመት ዓመቱ የማይነበብ ከሆነ ይጠርጥሩ። ደራሲውም ቤተሰቡም ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም አያገኙም።

ገጽ መጉደል በትክክለኛው ኅትመትም ያጋጥማል። ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ፣ 16 ገጽ እየሆነ ስለሚሰበሰብ፣ ሲጎድልም በጥቅል ነው። ከገጽ 160 ወደ 177 የዘለለ መጽሐፍ አንድ ጥቅል ቀርቶበታል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን በአውራ ጣት እያስሮጡ ይዩ፣ ተገልብጦ የገባም ካለ ይታያል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጭም በዚህ አይቀየምም።

አዲስ ወፍራም መጽሐፍ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ከመሐል ገልጠው አይጫኑት፤ ጀርባው ይሰነጠቅና ገጾቹ ይረግፋሉ። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያፈራረቁ በቀስታ እየገለጡ ወደ መሐል ይምጡ።

መግዛት ካልቻልኩ የት ላንብብ?

አዲስ አበባ ላይ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ደግሞ ከገበያ የጠፉ የቆዩ መጻሕፍትን ለሚፈልግ የመጀመሪያው በር ነው፤ መታወቂያ ይያዙ። ክፍለ ሀገር ላለ ሰው የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከሌለም አምስት ሰው እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ በየ10 ቀኑ ቢቀያየር፣ በ50 ቀን ሁሉም አምስቱን ያነባል። የሚበላሸው አንዱ ሲያዘገይ ነው፤ የመለዋወጫ ቀኑን አስቀድመው በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት፣ ያልጨረሰም ያስረክብ።

መጽሐፌን ዝናብ መታው። ይድናል?

አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የሚገድለው ጥድፊያ ነው። ውኃ የጠጣውን ገጽ በኃይል አይግለጡ፣ ይቀደዳል። ውጪውን በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑ እንጂ አይፈግፍጉ። ከዚያ በየ20 ገጹ ጽሑፍ የሌለበት ለስላሳ ወረቀት ወይም ሶፍት ያስገቡ፤ የጋዜጣ ቀለም ገጹ ላይ ስለሚታተም አይሆንም። የሚያስገቡት ወረቀት ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ አይብለጥ፣ አለበለዚያ ጀርባው ይወጠርና ይለቃል። በየሁለት ሰዓቱ ይቀይሩት። ነፋስ በሚገባበት ቦታ ገርበብ አድርገው ያቁሙት። ከሰል አጠገብ ወይም ምጣድ ላይ ማድረቅ ሙጫውን ያደርቀዋል፣ ገጹንም ያጨማድዳል። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በሁለት ጣውላ መሐል አድርገው ከላይ ከባድ ነገር ይጫኑበት፣ ለሁለት ሦስት ቀን።

በሁለት ቀን ውስጥ የማይደርቅ ከመሰለ ሻጋታ ይቀድምዎታል። በላስቲክ ጠቅልለው ማቀዝቀዣው የሚያቀዘቅዝበት ክፍል ውስጥ ያስገቡት፤ ፀሐይ ስትወጣ አውጥተው ያድርቁት። መደርደሪያው ደግሞ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ይራቅ፤ በክረምት ግድግዳ ያልባል፣ ሻጋታውም የሚጀምረው ከኋላው ረድፍ ነው።

ለክረምት መጥቼ ስመለስ መጽሐፍ ይዤ ልሂድ፤ ምን ልጠንቀቅ?

500 ገጽ ያለው መጽሐፍ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አሥር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ሩቡን ሊወስድ ይችላል። በሁለት ሻንጣ ይከፋፍሉት፣ ከታች በተኛበት ይደርድሩ፣ በርበሬና ቅቤ ካለበት ሻንጣ ያርቁት፤ የቅቤ ዘይት የነካው ወረቀት አይጸዳም። ተራ የታተመ መጽሐፍ ችግር የለውም። የብራና መጽሐፍ ግን፣ የቤተሰብ ውርስ ቢሆንም እንኳ፣ ቅርስ ስለሆነ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ያን እዚሁ በአደራ ይተዉት።